«ድንጋዩ ነው ወይስ እጄ?» ስለ ምላጭ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ወጥ ቤት ቢላ አሳሳል ትንሽ ብዬ ነበር። ደብዳቤው ግን ስለ ቢላ አልመጣም፤ ስለ ምላጭ መጣ። ምላጭ ስል ያችን በወረቀት ተጠቅልላ የምትሸጠውን ስስ ብረት ማለቴ አይደለም። አያቶቻችን ይላጩበት የነበረውን፣ እንደ ሰንጢ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ነው። ጅማ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ይህን ዕቃ በየመሳቢያው አስቀምጦ እንደሚኖር አላውቅም ነበር። አራት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ችግር እዚያው ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከፈረንጅ አራዳ ነው። አያቴ ሲያርፉ ምላጫቸው ለእኔ ደረሰኝ። ብረቱ ላይ «ዞሊንገን» የሚል ጽሑፍ አለው። ቤልጅየም የምትኖር አክስቴ ደግሞ «ይኸው መሳያው» ብላ አንድ ድንጋይ ላከችልኝ፤ በአንድ ወገን ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ መሳይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስስል ከረምኩ። የክንዴን ፀጉር እዚህም እዚያም ይወስዳል፤ ፊቴ ላይ ሲደርስ ግን ጢሜን ይነጨዋል እንጂ አይቆርጠውም። ጠንከር አድርጌ እየተጫንኩ ብስለውም ያው ነው። ድንጋዩ ነው ወይስ እጄ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድንጋዩ የሚታማ አይመስለኝም። እጅህም ቢሆን ያን ያህል አያስወቅስም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ ያለህን ዕቃ እወቀው። ዞሊንገን የጀርመን ከተማ ናት፤ በስለት ሥራ የታወቀች። ስሟን ማንም እየተነሳ ብረት ላይ እንዳይጽፍ ጀርመኖች በ1938 እ.ኤ.አ. በሕግ አስከብረውታል። ስለዚህ የአያትህ ምላጭ ጽሑፉ እውነተኛ ከሆነ ብረቱ የሚናቅ አይደለም። ድንጋይህ ደግሞ ከነገርከኝ ምልክት ኮቲኩል የሚባለው ነው። ቤልጅየም ውስጥ አርደን በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ቪልሳልም በምትባል ከተማ አካባቢ ይወጣል። ቢጫው ክፍል ውስጥ ጋርኔት የሚባል ጠንካራ ማዕድን አለ፤ ቅንጣቶቹ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን ቢሆኑ ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሚቆርጠው ያ ነው። ቢጫው ንብርብር ቀጭን ስለሆነ ከጎኑ ካለው ሰማያዊ ድንጋይ ጋር አብሮ ይቆረጣል፣ ወይም በሙጫ ይለጠፋል። ሁለት ቀለም መሆኑ አያስጠርጥርህ። ለምላጭ የምትፈልገው ቢጫውን ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ይህ ድንጋይ ማለስለሻ ነው። የተሠራ ስለትን ያለሰልሳል፤ ያልተሠራ ስለትን ግን ቶሎ አያወጣም። በርጩማ የሚሠሩትን የከተማችንን ሰዎች አይተህ የለ? ግንዱን በመጥረቢያ ሳይጠርቡ በብርጭቆ ወረቀት አይጀምሩም። አንተ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልተጠረበ ግንድ በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ ነው የከረምከው።

ምላጩን ከጫፉ በኩል ብታየው ጀርባው ወፍራም ነው፤ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብለው ወደ አፉ እየሳሱ ይሄዳሉ። ድንጋይ ላይ ስታጋድመው የሚነካው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ጀርባውና አፉ። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት አስበው ነው። ቢላ ስትስል ማዕዘኑን በእጅህ ትገምታለህ፤ ምላጭ ላይ ግን ጀርባው ራሱ መለኪያህ ነው። ጀርባውን ከድንጋዩ እስካላነሳህ ድረስ ማዕዘኑ አይለወጥም፤ በብዙዎቹ ምላጮች 16 ወይም 17 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢላ መሳል የለመደ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ሳያስበው ጀርባውን ብድግ ያደርገዋል፣ በአንድ ጊዜ የሳምንት ሥራ ያበላሻል።

ስለት ማውጣት ማለት ታዲያ ምንድን ነው? የግራና የቀኙ ገጽ ከተረከዙ፣ ማለትም በእጀታው በኩል ካለው ዳር፣ እስከ ጫፉ ድረስ፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳይቀር፣ አንድ መስመር ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ካልተገናኙ በመሃል ጠፍጣፋ ነገር ይቀራል። በዓይን አታየውም ማለት ይቻላል፤ ጢምህ ግን ያውቀዋል። መብራት ሥር ቁም፣ አፉን ወደ ላይ አድርገህ በቀጥታ ተመልከተው። ስል የሆነ አፍ ብርሃን አይመልስም፣ ጥቁር መስመር ነው። እዚህም እዚያም ነጭ ብልጭታ ካየህ እዚያ ቦታ ስለት የለም። የአንተ ምላጭ ክንድህን እዚህም እዚያም መላጨቱ የሚነግርህ ይህንኑ ነው። ዓመታት መሳቢያ ውስጥ የከረመ ምላጭ ደግሞ ማን ምን እንደቆረጠበት አይታወቅም። የአባቴን ምላጭ ታላቅ እህቴ እርሳስ ትቀርጽበት ነበር። እስከ ዛሬ አላመነችም።

ስለት ለማውጣት 1000 ቁጥር የተጻፈበት (ቁጥሩ ከፍ ሲል ቅንጣቱ ይደቅቃል)፣ በፋብሪካ የተሠራ የውሃ መሳያ ድንጋይ ይበቃል። ካጣህ ከመኪና ቀለም ቤቶች 1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ግዛ፤ እነሱ ጋ አይጠፋም። ወፍራም መስታወት አርጥበህ ወረቀቱን አረፋ ሳይዝ ለጥፈው። አረፋ ከያዘ ምላጩ ይነክሰዋል። ከዚያ የምላጩን አፍ ጠርዝ በማርከር ቀባ። ጀርባውም አፉም ወረቀቱን ነክተው፣ አፉ ከፊት እየመራ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሂድበትና ተመልከት። ማርከሩ እስከ አፉ ጠርዝ ድረስ የለቀቀበት ቦታ ገጹ እየተነካ ነው፤ ያልለቀቀበት ገና ነው። በዚህ መንገድ ሁለቱንም ወገን እኩል እየገለበጥክ ቀጥል። መቼ ነው የሚበቃው? ከተረከዝ እስከ ጫፍ በየትኛውም ቦታ የክንድህን ፀጉር ከሥሩ፣ ሳትጫን፣ ሲወስድ። እዚያ ሳትደርስ ወደ ሚቀጥለው ድንጋይ አትለፍ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ሁለት ሰዓት ይፍጅ።

የጀርባው መፋቅ የሚያሳዝንህ ከሆነ፣ የአያት ዕቃ ነውና ያሳዝናል፣ አንድ ድርብ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ጀርባው ላይ ለጥፍ። ግን ከጀመርክ እስከ መጨረሻው ድረስ በናስትሮ ጨርስ፤ ሲያልቅ ቀይረው። መሃል ላይ ካነሳኸው ማዕዘኑ ይለወጥና አፉ ድንጋዩን መንካት ያቆማል።

አሁን ኮቲኩሉን አምጣው። ከድንጋዩ ጋር ትንሽ ቁራጭ ከመጣልህ አትጣላት። እንደ ወፍጮና መጅ ናቸው። ትልቁ ላይ ውሃ ጠብ አድርገህ በትንሿ ስታሸው ነጭ ጭቃ ይወጣል፤ ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል። ጭቃው ውስጥ ያሉት የጋርኔት ቅንጣቶች ተነቅለው ስለሚንከባለሉ ብረቱን ቶሎ ይበላሉ። ለዚህ ነው በጭቃ የሚጀመረው። ነገር ግን ያው ጭቃ የምላጩን ቀጭን አፍ ፊት ለፊት እየመታ ትንሽ ያደነዝዘዋል። በጭቃ የጀመረና በጭቃ የጨረሰ ሰው፣ «ስል ነው ግን አይላጭም» እያለ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው። እና መፍትሔው ጭቃውን ማቅጠን ነው። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሂድና አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ ጨምር፤ እንደገና ሂድ፣ እንደገና ጨምር። ወተቱ እየሳሳ እየሳሳ መጨረሻ ላይ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይቀራል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከቸኮልክና በአንድ ጊዜ ካጠብከው፣ ጭቃው ያደነዘዘውን በውሃ ብቻ ለመመለስ ማታህን በሙሉ ትገፋለህ። ንጹሕ ውሃ ላይ ስትደርስ ሌላ ሃምሳ ጊዜ ያህል ሂድበት።

አካሄዱስ? ምላጩ ከድንጋዩ ስፋት ስለሚረዝም በሰያፍ ነው። ከተረከዙ ትጀምራለህ፣ ወደ ፊት እየገፋህ ወደ ጎን ትስበዋለህ፣ ጫፉ ላይ ትጨርሳለህ። ስትመልስ ጀርባው ላይ ገልብጠው። በአፉ በኩል ከገለበጥከው አለቀልህ።

ስለ መጫን። ደብዳቤህ ውስጥ ያሳሰበኝ ይህ ቃል ነው። የዞሊንገን ምላጭ ብዙ ጊዜ ከአፉ አካባቢ በጣም ስስ ነው፣ ጥፍርህ ላይ ብትጫነው ሲጎብጥ ታየዋለህ። ድንጋይ ላይ ስትጫነውም ይጎብጣል። ሲጎብጥ አፉ ቀና ይልና የሚፋቀው ከአፉ በላይ ያለው ይሆናል። አንተ ደግሞ አልሳል አለ ብለህ ይበልጥ ትጫናለህ። ማለስለሻ ላይ የምላጩ የራሱ ክብደት ይበቃል። ጣቶችህ የሚያገለግሉት እንዳይወድቅ ለመያዝ ነው። እኔ መጀመሪያ ስማር በሁለት ጣት ብቻ እንድይዘው ተነግሮኝ ለሁለት ሳምንት ያህል ተናድጄ ነበር። ልክ ነበሩ።

ከድንጋይ በኋላ ቆዳ ይቀራል። መጀመሪያ ጥብቅ ብሎ የተወጠረ የሸራ ጨርቅ ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ፣ ከዚያ ቆዳ ላይ ሃምሳ ስድሳ ጊዜ። እዚህ ግን አካሄዱ ተቃራኒ ነው፣ ጀርባው ይመራል፣ አፉ ይከተላል። በአፉ በኩል ከገፋህ ቆዳውንም ምላጩንም ትቆርጣለህ። የሱሪ ቀበቶ ይሆናል ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ፣ ስፌትና ዘለበት የሌለበትን ክፍል ተጠቀሙ። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ግን ላያቸው ፕላስቲክ ነው፤ ጫፋቸውን ቆርጣችሁ እዩት።

ይህን ሁሉ አድርገህ ፊትህን በሙቅ ውሃ አርጥብ፣ አረፋ በደንብ ቀባ፣ ምላጩን ከቆዳህ 30 ዲግሪ ያህል አንስተህ ከጉንጭህ ጀምር። አገጭህን ለሌላ ቀን ተወው። ከዚያ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም፣ ከአጂፕ ሰፈር ነኝ። የውጭ ድንጋይ የሚልክልኝ ዘመድ የለኝም። አዌቱ ወንዝ ዳር አንድ ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ድንጋይ አገኘሁ። እሱ ላይ ምላጭ ብስል ምን ይለኛል? እናቴ ደግሞ «በስኒ ቂጥ ሳለው» ትላለች።

መልስ፦ እናትህን ሰላም በልልኝ። የስኒ ቂጥ ለሽንኩርት ቢላ እውነተኛ መሳያ ነው፤ ያ ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት ብረት ይበላል። እኛም ቤት ስኒዎቹ ሁሉ ቂጣቸው ጥቁር ጥቁር ብሏል። ለምላጭ ግን አይሆንም፤ ቀለበቱ ጠባብ ስለሆነ ጀርባውና አፉ አብረው አይጋደሙበትም። ጀርባው ካላረፈ ደግሞ መለኪያ የለህም።

የአዌቱ ድንጋይህ መለስለሱ አያታልልህ። ውሃና አሸዋ ያለሰለሱት ነው። የጅማ አካባቢ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ ባዛልትና የእሱ ዘመዶች። ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ ልዩ ልዩ ማዕድን አብሮ ይረጋል፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ደቃቅ አንዱ እንደ ስኳር ቅንጣት። አንዳንዱም የአየር ቀዳዳ አለው። ምላጭ ላይ አንዲት ጎላ ያለች ቅንጣት ብቻ ካለች ሌሎቹ አንድ ሺህ ደቃቆች የሠሩትን ታበላሻለች። ለማጭድ፣ ለገጀራ፣ ለመጥረቢያ ተጠቀምበት፣ ምርቃት ታገኝበታለህ።

የዓለም ሰው ለምላጭ የመረጣቸውን ድንጋዮች ብታይ የሚያመሳስላቸው ይህ ነው፤ ቅንጣታቸው ደቃቅና እኩል ነው። የጀርመኑ የቱሪንጂያ ድንጋይ በእንግሊዝኛ «ስሌት» (slate) የሚሉት የድንጋይ ዓይነት ነው፤ ከባሕር ሥር የረጋ ደቃቅ ጭቃ ተጭኖ የጠነከረ። የጃፓኖቹ ከኪዮቶ አካባቢ ተራሮች ይወጡ ነበር። የአሜሪካኖቹ የአርካንሶ ድንጋይ ኖቫኩላይት ይባላል፣ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሲሊካ ነው። ስሙ ራሱ ኖቫኩላ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ምላጭ! አርካንሶ ካጋጠመህ አንድ ነገር እወቅ፣ ድንጋዩ በጣም ጠንካራ ስለሆነ እንደ ኮቲኩል ጭቃ አይሰጥም። የሚሠራው በላዩ ልስላሴ ነው። ላዩ ሻካራ ሆኖ ከተቆረጠ ሻካራ ይስላል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስከው ያው ድንጋይ ማለስለሻ ይሆናል።

ቁጥርም አያሳስትህ። የፋብሪካ ድንጋይ ቅንጣቱ ተለክቶ ስለሚገባ 1000 ወይም 8000 ማለት ትርጉም አለው። የተፈጥሮ ድንጋይን ማንም ለክቶ አልጋገረውም። እኔ ራሴ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ «12 ሺህ ቁጥር ነው» ተብዬ ግራጫ ድንጋይ ገዝቻለሁ። ከቻይና ጓንግሺ ግዛት የሚወጣው ዓይነት ነው፤ በዚህ ቁጥር ብዙ ቦታ ይሸጣል። ሻጩ እንደ ሃይማኖት ነበር የሚያወራልኝ። ቤት ወስጄ መስታወት ላይ ባጋድመው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ድንጋዩ መጥፎ አልነበረም፤ ደልድዬ ስጨርስ ጥሩ ማለስለሻ ወጣው፣ ዘገምተኛ ቢሆንም። ግን ለመደልደል ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፣ ቁጥሩ ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው።

ዘመድ ለሌለው ሰው ምክሬ፦ 1000 እና 2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወፍራም መስታወት፣ ጥሩ ቆዳ። ልስላሴው የኮቲኩል ያህል አይሆንም፣ ግን ይላጫል። ወረቀት ትንሽ ስለሚለጠጥ አፉን እንዳያዶለዱምብህ በጣም ቀለል አድርገህ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሂድበት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሒርማታ ነው። አባቴ አናጺ ነበር፣ በርጩማና ሳጥን ይሠራ ነበር። ዕቃዎቹን ስናጸዳ ዘይት የጠጣ፣ መሃሉ የጎደጎደ መሳያ ድንጋይ አገኘን። ይህም ሁለት ቀለም ነው፣ ግራጫና ቡናማ። ወንድሜ «የተፈጥሮ ነው፣ ውድ ነው» ይላል። እውነት ነው? ምላጭስ ይስላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአባትሽ ነፍስ ይማር። ወንድምሽን ላሳዝነው ነው። ግራጫና ቡናማ ሆኖ መሃል ላይ እንደተሰነጠቀ ዳቦ ቀጥ ባለ መስመር የሚገናኝ ከሆነ፣ ለአናጺ መሮ የሚሸጠው የፋብሪካ ድንጋይ ነው፤ አንዱ ወገን ሻካራ፣ አንዱ ደቀቅ ያለ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢው፣ ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ላይ አዘንብለሽ ተመልከቺው። በሁሉም ቦታ እኩል የሆነ ብልጭልጭ አሸዋ ካየሽ የሰው ሥራ ነው። የተፈጥሮ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ደም ሥር አለው፣ ጥላ አለው፣ አንዱ ጥግ ከሌላው ትንሽ ይለያል።

ለምላጭ አይሆንም። ለወጥ ቤት ቢላና ለመሮ ግን ገና ዕድሜ አለው፣ አትጣይው። መሃሉ የጎደጎደው አባትሽ ጠባብ መሮ አንድ ቦታ ላይ ሲስል ስለኖረ ነው። የምትደለድይው እንዲህ ነው፦ ላዩን በእርሳስ ቋሚና አግድም መስመር አስምሪበት። ወፍራም መስታወት ወይም የተስተካከለ ሴራሚክ ላይ ሻካራ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፊ፣ 120 ወይም 220 ቁጥር፣ ውሃ እያፈሰስሽ ድንጋዩን እሽው። መጀመሪያ የዳርና የዳሩ እርሳስ ይጠፋል፣ መሃሉ ይቀራል። የመሃሉ እርሳስ ሲጠፋ ድንጋይሽ ጠፍጣፋ ሆነ ማለት ነው። ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል፣ አራት አምስት ግዢ። ብናኙን በደረቁ አትፈጪው፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። እባክሽ ብረታ ብረት ቤት ወስደሽ ግራይንደር ላይ እንዳታስደግፊው፤ በአንድ ደቂቃ ሁለት ቦታ ይሰነጥቁልሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ሰባ አምስት ዓመት ያለፈኝ የጅሬን ሰው ነኝ። ድሮ ፀጉር ቤት ስንሄድ በዚያ በሚታጠፈው ምላጭ ነበር የምንላጨው። አሁን የራሴን ምላጭ ይዤ ሄጄ «በዚህ ላጨኝ» ብለው ልጁ እንቢ አለኝ። ንቀት ነው የመሰለኝ። ደግሞ ምላጬ በክረምት በየሳምንቱ ይዝግብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ልጁ አልናቅዎትም። እንዲያውም ባለሙያ ነው። የሚያስቸግረው የእርስዎ ምላጭ ብቻ አይደለም፤ የሚሳልበት ቆዳና ድንጋይም ጭምር ነው። ምላጭ ቆዳን ሳይታወቅ ይጭራል። በዓይን የማይታይ የደም ጠብታ ብረቱ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ቆዳው ይሄዳል፣ ከቆዳው ወደሚቀጥለው ደንበኛ ምላጭ ይመለሳል። ጉበት የሚያቆስለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ብረቱን በበረኪና ልንከርልህ ቢልዎት ደግሞ በርሱ አፉ ይበላል፤ የድሮ ምላጭ ብረት በረኪና አይወድም። ስለዚህ ፀጉር ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ፊትዎ ሲወጣ ማየት ነው የሚሻለው። የሚታጠፈው ምላጭ ለአንድ ሰው፣ ለራስ፣ ቤት ውስጥ። እጅዎ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ራስዎ ይላጩ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የልጅ ልጅ ያስተምሩበት።

ዝገቱን በተመለከተ የጅማን ዝናብ አላስተምርዎትም። ልብስ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ከተማ ውስጥ የካርቦን ብረት መዝገጉ አይቀርም። ትልቁ ጥፋት ግን ተላጭቶ እርጥቡን እጀታው ውስጥ አጥፎ ማስቀመጥ ነው፤ እጀታው ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ የለውም። ሲጨርሱ አፉን ሳይነኩ ከጀርባ ወደ አፍ በጨርቅ ይጥረጉት። ቆዳው ላይ አሥር ጊዜ ያስኪዱት። ከዚያ ክፍቱን ጥቂት ሰዓት ይተዉት፣ ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት በጣትዎ ጫፍ ቀባ ያድርጉት። ቆዳ ኪስ ውስጥ አያስቀምጡት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አዲስ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘውን «አትብላ» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት አይጣሏት፤ ምላጩ ካለበት ሳጥን ውስጥ ትቀመጥ።

ጎኑ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ምንም አይልም፣ ይተዉት። አፉ ላይ የደረሰ ነጥብ ከሆነ ግን በዘይት አይለቅም፤ ሲላጩ የምትቧጥጥ ትንሽ ጉድጓድ ሆኖ ይቆያል። ያን ጊዜ ብረቱ እስከ ጉድጓዱ ሥር ድረስ መፋቅ አለበት፤ ወደ 1000ው መመለስ ነው፣ ከዚያ ከላይ እንዳልኩት እስከ ንጹሕ ውሃው ድረስ። ሐሙስ ገበያ ሲወርዱ ይዘውት ይምጡ፤ የፈረንጅ አራዳው ልጅ እስከዚያ የራሱን ጨርሶ ከሆነ በእርስዎው ላይ ይለማመድበታል፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።